ከህብለ ሰረሰር ጉዳት በኋላ፦ ብርቱ ተሃድሶ የሚመልሰውና የማይመልሰው

በህብለ ሰረሰር ላይ የሚደርስ ጉዳት በቅጽበት የሚፈጸም ቢሆንም፣ ጉዳተኛው ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እንደሚኖር፣ በገዛ እጁ መጉረስ ይችል እንደሆነ፣ ወደ ሥራውና ወደ ማኅበራዊ ኑሮው መመለሱን ወይም ከአንድ ክፍል ሳይወጣ መቅረቱን የሚወስነው አደጋው ብቻ አይደለም፤ ከአደጋው በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት በየሰዓቱና በየቀኑ እየተደጋገመ የሚሠራው፣ በሽተኛውንም ባለሙያውንም የሚያደክመው የተሃድሶ ሥራ ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ጉዳት ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል፤ ለጉዳቱ ዋና መንስኤ የሚሆኑትም የመኪና አደጋ፣ ከከፍታ መውደቅና በሰው እጅ የሚፈጸም ጥቃት ናቸው። ይሁን እንጂ ስለ ተሃድሶ የሚነሣው ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ «ተነሥቶ ይሄዳል ወይስ አይሄድም?» የሚለው። ጥያቄው ከፍቅርና ከጭንቀት የሚመነጭ በመሆኑ ሊነቀፍ አይገባውም፤ ነገር ግን ለብቻው ሲቆም የጉዳተኛውን ዕድሜና ክብር የሚጠብቁትን ሌሎች ሥራዎች ሁሉ ይሸፍናል።

ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንቶች ቦይ ውስጥ የሚወርድ፣ በአዋቂ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ለስላሳ የነርቭ አካል ነው። ከግራና ከቀኙ የሚወጡት 31 ጥንድ ነርቮች ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ ወደ ጡንቻዎች ያደርሳሉ፤ ከቆዳ፣ ከመገጣጠሚያና ከውስጥ አካላት የሚነሣውን ስሜትም ወደ አንጎል ይመልሳሉ። በአንገት አካባቢ የሚወጡት እጅን፣ በደረት አካባቢ የሚወጡት ግንድን፣ በወገብ አካባቢ የሚወጡት እግርን ሲያዝዙ፣ ከሁሉም በታች ያሉት ደግሞ ሽንትን፣ ዐይነ ምድርንና የወሲብ አካላትን ይቆጣጠራሉ። ስለዚህ ጉዳቱ ወደ አንገት በቀረበ መጠን የሚያጠፋው ይበዛል፤ አንገት ላይ የደረሰ ጉዳት አራቱንም እጅና እግር ሊያስር ሲችል፣ ከደረት በታች የደረሰ ግን እጆችን ትቶ እግሮችን ይይዛል።

ብዙ ሰው ህብለ ሰረሰር እንደ ገመድ «ተበጠሰ» ብሎ ያስብ እንጂ፣ በእውነቱ ፈጽሞ የሚቆረጥበት ጊዜ ጥቂት ነው። በብዛት የሚሆነው የተሰበረው ወይም ከቦታው የተንሸራተተው አጥንት ህብለ ሰረሰሩን መጨፍለቁ፣ በቀጣዮቹ ሰዓታትና ቀናትም እብጠቱና የደም እጥረቱ በመጀመሪያው ምት የተረፉትን ሕዋሳት ጭምር መግደሉ ነው፤ ይህ ሁለተኛው ጥፋት ሐኪሞች ሁለተኛ ደረጃ ጉዳት የሚሉት ነው። ይህን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። የመጀመሪያው፣ ከአደጋው ቦታ ጀምሮ የሚደረገው አያያዝ ጉዳቱን ሊያባብስም ሊገታም መቻሉ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ምንም የማይንቀሳቀስ በሚመስል ሰው ውስጥ እንኳ ጉዳቱን ተሻግረው የቀሩ ጥቂት የነርቭ ክሮች ሊኖሩ መቻላቸው ነው። ተሃድሶ የሚሠራው በአብዛኛው በእነዚህ በተረፉት ክሮች ላይ ነው።

የተረፈው ምን ያህል እንደሆነ የሚለካው የአሜሪካ የአከርካሪ ጉዳት ማኅበር ባወጣውና ከኤ እስከ ኢ ባሉት አምስት ደረጃዎች በተከፈለው መመዘኛ ነው። ሐኪሙ የቆዳውን ስሜት በመርፌ ጫፍና በጥጥ ከአንገት እስከ እግር እየነካ፣ የዋና ዋና ጡንቻዎችን ኃይል እየፈተነ ይሄድና በመጨረሻ በፊንጢጣ ዙሪያ ስሜት ወይም የጡንቻ መጨበጥ መኖሩን ይመረምራል። በዚያ ቦታ ምንም ከሌለ ጉዳቱ ኤ፣ ማለትም ሙሉ ጉዳት ይባላል፤ ጥቂትም ቢሆን ካለ ግን ከፊል ጉዳት ነው፤ የመሻሻል ተስፋውም እጅግ የተለየ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጉዳቱ በታች ያለው ህብለ ሰረሰር ደንግጦ ሥራውን ሁሉ ስለሚያቆም፣ በዚያ ጊዜ የሚሰጥ የመጨረሻ ፍርድ ሊያሳስት ይችላል። ትልቁ መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ስድስትና ዘጠኝ ወራት ውስጥ የሚታይ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው አዝጋሚ ቢሆንም አይቋረጥም።

የጥንት ግብፃውያን ሐኪሞች ከ3,500 ዓመታት በፊት በጻፉትና ዛሬ ኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ በሚባለው ጽሑፍ ይህን ጉዳት ከማይታከሙት መካከል መድበውት ነበር፤ ይህ ፍርድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ብዙም አልተለወጠም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አከርካሪያቸውን የተመቱ ወታደሮች አብዛኞቹ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሞተዋል፤ የገደላቸው ግን የህብለ ሰረሰሩ ጉዳት ራሱ ሳይሆን የመኝታ ቁስልና ከሽንት ፊኛ ተነሥቶ ወደ ኩላሊትና ወደ ደም የሚዛመት ኢንፌክሽን ነበር። ስሜት የሌለው ሰው በአንድ ጎኑ ሲተኛ በአጥንቱና በፍራሹ መካከል የተጨቆነው ቆዳ ደም ያጣል፤ ጤነኛ ሰው በእንቅልፍ ልቡ እንኳ ተገላብጦ የሚያመልጠውን ይህን ጭቆና እርሱ አይሰማውም፤ ቆዳውም ሞቶ እስከ አጥንት ይከፈታል።

ይህን ታሪክ የለወጠው ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ እ.ኤ.አ. በ1939 እንግሊዝ የገባው አይሁዳዊው የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነው። በየካቲት 1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞች ክፍል ኃላፊ ሲሆን፣ ያገኘው ልማድ ጉዳተኞቹን በጄሶ አልጋ አስሮ፣ በማደንዘዣ አስተኝቶ መጨረሻቸውን መጠበቅ ነበር። ጉትማን ጄሶውን አስወገደ፤ ማደንዘዣውን ቀነሰ፤ እያንዳንዱ ሰው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን እንዲገላበጥ ሥርዓት አቆመ። በዚያ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ረዳቶች በቡድን ከአልጋ ወደ አልጋ እየሄዱ፣ አንዱ ትከሻውን፣ ሌላው ዳሌውን፣ ሌላው እግሩን ይዞ በሽተኛውን በአንድነት ሲያዞሩት፣ የቀላ ቆዳ መኖር አለመኖሩን ሲያዩ፣ ትራሱን በጉልበቶቹ መካከል ሲያስተካክሉ ያድሩ ነበር። ሲነጋ ደግሞ የተኛው እንዲቀመጥ፣ የተቀመጠው እንዲለማመድ፣ የተለማመደው አናጢነት ወይም ሰዓት ጥገና እንዲማር ይደረጋል። ሞትን የገታው ተአምረኛ መድኃኒት ሳይሆን በሥነ ሥርዓት የተያዘ ድካም መሆኑ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከፍ ብሎ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

ጉትማን ስፖርትን የተሃድሶው አካል አድርጎ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1948፣ 16 ጉዳተኞችን በቀስት ውርወራ አወዳደረ። ውድድሩ እያደገ ሄዶ በ1960 ሮም ሲደርስ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ስፖርተኞች ተካፈሉበት፤ ኋላም የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ተቆጠረ። ይህ ውድድር በተከፈተበት ከተማ፣ ከመከፈቱ ስምንት ቀን አስቀድሞ፣ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ የማራቶንን ርቀት በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፎ ነበር።

በመጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት የክቡር ዘበኛው ሻምበል አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን ተገለበጠችና ውስጧ ተይዞ አደረ። አደጋው ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ የማይችል አደረገው። ከሳምንት በኋላ ወደ ስቶክ ማንደቪል ተወስዶ ስምንት ወር በተሃድሶ ቆየ፤ በመጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳ ማዞር ያልቻለው ሰው በእነዚህ ወራት የእጆቹን ኃይል መልሶ አገኘ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንደቪል ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ፤ በ1972ም በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተገኘ። በ1973 በአንጎል ደም መፍሰስ ሲሞት ዕድሜው ገና 41 ነበር። የእርሱ ተሃድሶ «ይሄዳል ወይስ አይሄድም?» በሚለው ጥያቄ ብቻ ቢመዘን ከሽፏል ሊባል ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም፤ ምክንያቱም ጭንቅላቱን ማዞር ከማይችልበት አልጋ ተነሥቶ ቀስት እስከ መገተር የደረሰው በዚያው ተሃድሶ ነው።

የተጎዳ ህብለ ሰረሰር በልምምድ የሚሻሻለው ለምንድን ነው? የመልሱ መነሻ በእንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት ተገኘ። ቶማስ ግርሃም ብራውን የተባለው ሳይንቲስት በ1911 ከአንጎል ትእዛዝ የተለየ የድመት ህብለ ሰረሰር ለብቻው የእርምጃን ምት ሊፈጥር እንደሚችል አሳየ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም እንዲህ ያሉ ድመቶች በመሮጫ ማሽን ላይ ቢለማመዱ እርምጃቸው እንደሚሻሻል፣ ቆመው ብቻ ከሠለጠኑ ግን መቆምን እንጂ መራመድን እንደማይማሩ አረጋገጡ። ከዚህ የተወሰደው ትምህርት ህብለ ሰረሰር ራሱ የሚማር አካል መሆኑ፣ የሚማረውም የሚደጋገምለትን ነገር ብቻ መሆኑ ነው። ነርቮች በአጠቃቀማቸው መጠን አዲስ ግንኙነት የመፍጠር ይህ ችሎታቸው የነርቭ ተለዋዋጭነት ይባላል፤ ብርቱ ተሃድሶ ማለትም በመሠረቱ ይህን ችሎታ በብዛትና በድግግሞሽ መቀስቀስ ነው።

ብርቱ ተሃድሶ በሚሰጥበት ማዕከል የሚታየው ሥራ ከውጭ ለሚያየው የሚያስገርም ነው። ጉዳተኛው በመታጠቂያ ከላይ ተንጠልጥሎ ክብደቱ በከፊል ይቀነስለታል፤ ከእግሩ በታች የመሮጫ ማሽኑ ቀበቶ ይዞራል፤ አንዱ ፊዚዮቴራፒስት ከኋላው ዳሌውን ይይዛል፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ዝቅ ብለው ተቀምጠው ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን እየመሩ ተረከዙ አስቀድሞ እንዲያርፍ ያደርጋሉ፣ አራተኛው ፍጥነቱንና የክብደቱን መጠን ይቆጣጠራል። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ሲያልፍ ከበሽተኛው ይልቅ የሚያልባቸው እግሮቹን ያነሡት ባለሙያዎች ናቸው። ከዚያ ምንጣፍ ላይ መገላበጥ፣ ሳይደገፉ መቀመጥ፣ በክንድ ኃይል ከወንበር ወደ አልጋ መሻገር ይቀጥላል፤ ይህም ሁሉ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ሳይሆን ለወራት የሚመላለስ ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። በአሜሪካና በካናዳ በሚገኙ ማዕከላት በቅርቡ ከፊል ጉዳት የደረሰባቸውን 146 ሰዎች ያካተተና በ2006 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ክብደት እየተቀነሰላቸው በማሽን ላይ ለ12 ሳምንታት የሠለጠኑትን በመሬት ላይ በተለመደው መንገድ በተመሳሳይ ብርታት ከሠለጠኑት ጋር ሲያነጻጽር፣ በመራመድ ረገድ ልዩነት አላገኘም። በሁለቱም ቡድን ውስጥ ቀድሞውኑ ጥቂት እንቅስቃሴ ከነበራቸው ብዙዎቹ ተራምደዋል። ስለዚህ ወሳኙ የመሣሪያው ውድነት ሳይሆን የተረፉት ነርቮች ብዛትና የልምምዱ ጽናት መሆኑን መቀበል ይገባል፤ ይህም ውድ ማሽን መግዛት ለማይችሉ አገሮች መልካም ዜና ነው።

ተዋናዩ ክሪስቶፈር ሪቭ በ1995 ከፈረስ ወድቆ በአንገቱ ከፍተኛ ክፍል ላይ ሙሉ ጉዳት ከደረሰበት ከአምስት ዓመት በኋላ አመልካች ጣቱን ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ በሴንት ሉዊስ ከተማ ሐኪሞች መሪነት በኤሌክትሪክ በሚነቃ ብስክሌትና በውኃ ውስጥ ልምምድ ለዓመታት ስለተጋ፣ ደረጃው ከኤ ወደ ሲ ከፍ አለ። መሻሻል በመጀመሪያው ዓመት ተዘግቶ ያልቃል የሚለውን እምነት ይህ ታሪክ አናግቶታል። ዳሩ ግን ሪቭ ከሆስፒታል አልጋ እስከ ሙሉ ቀን አስታማሚ ያልጎደለው ሰው ሆኖ ሳለ በ2004 ያረፈው የመኝታ ቁስል ኢንፌክሽን ሕክምና ላይ እያለ ነው።

ከ2011 ወዲህ ደግሞ ህብለ ሰረሰርን በኤሌክትሪክ ማነቃቃት አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል። በሉዊቪል፣ ኬንታኪ አንድ ወጣት 170 የእርምጃ ልምምዶችን በ26 ወራት አድርጎ ለውጥ ሳያሳይ ቆይቶ፣ 16 ኤሌክትሮዶች ያሉት መሣሪያ ከህብለ ሰረሰሩ ሽፋን ላይ ሲተከልለት ሚዛኑን ሌሎች እየጠበቁለት በራሱ እግር ክብደቱን ተሸክሞ ቆመ። በስዊዘርላንዷ ሎዛን የሚገኙት ግሬጎዋር ኩርቲንና ቀዶ ሐኪሟ ጆስሊን ብሎክ በ2023 የአንጎልን ምልክት አንብቦ ወደ ህብለ ሰረሰር በሚያስተላልፍ መሣሪያ አንድ ሰው እንዲራመድ ማድረጋቸውን አሳወቁ፤ በ2024 መጨረሻም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያለ ቀዶ ሕክምና በአንገት ቆዳ ላይ ተለጥፎ የእጅን ሥራ የሚያግዝ መሣሪያ ፈቀደ። እነዚህ ሁሉ ከብርቱ ልምምድ ጋር ሆነው የሚሠሩ እንጂ ልምምድን የሚተኩ አይደሉም። በአንጻሩ በተለያዩ አገሮች የሚገኙ የግል ክሊኒኮች በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡት የግንድ ሕዋስ መርፌ በትልልቅ ጥናቶች ፈዋሽነቱ የተረጋገጠ አይደለም፤ ቤት ሸጦ ወይም ከዘመድ አዝማድ ተበድሮ ወደዚያ መሄድ ቤተሰብን ለድህነት፣ በሽተኛውንም ለአደጋ የሚያጋልጥ ነው።

ጉዳተኞቹ ራሳቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚመኙት መራመድ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ራሷ የአንገት ጉዳት ያለባት ተመራማሪ ኪም አንደርሰን 681 ጉዳተኞችን ጠይቃ በ2004 ባሳተመችው ጥናት፣ አራቱም እጅና እግራቸው ከተጎዱት ግማሽ ያህሉ ሕይወታችንን ከሁሉ በላይ የሚያሻሽለው የእጅ ሥራ መመለስ ነው ሲሉ፣ እግራቸው ብቻ በተጎዳው ዘንድ አንደኛ የሆነው የወሲብ ሕይወት ነበር፤ የሽንትና የዐይነ ምድር ቁጥጥርም በሁለቱም ዘንድ ትልቅ ቦታ ነበረው። በቤተሰብም በሐኪምም ፊት የማይነሡት ነገሮች በሰዎቹ ልብ ውስጥ ግን ቀዳሚዎች ናቸው።

የእጁ ነገር አንድ ምሳሌ ይገባዋል። በስድስተኛው የአንገት ነርቭ ደረጃ የተጎዳ ሰው ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ባይችልም አንጓውን ወደ ላይ ማንሣት ይችላል፤ አንጓው ሲነሣ የጣቶቹ ጅማት ይሳብና ጣቶቹ በራሳቸው ወደ መዳፍ ይጠጋሉ፤ በዚህ ጭብጥ ማንኪያ፣ ብዕር፣ ስልክ መያዝ ይቻላል። ይህ እንዲሆን የጣቶቹ ጅማት በመጠኑ ማጠር አለበት፤ ስለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ አንጓውን ወደ ላይ አድርጎ ጣቶቹን ፈጽሞ አይዘረጋም። ይህን ያልተነገራት እናት ወይም እኅት ግን በፍቅር በየቀኑ ጣቶቹን እያሸች ስታፍታታ፣ ለልጇ ወይም ለወንድሟ የቀረውን ብቸኛ ጭብጥ ሳታውቅ ልታጠፋበት ትችላለች። ተሃድሶ ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በሽንት ረገድም እንዲሁ ነው። ጃክ ላፒደስ የተባለው የሚሺጋን ሐኪም በ1972 ጉዳተኛው ራሱ በንጹሕ እጅ በየአራትና በየስድስት ሰዓቱ ቀጭን ካቴተር አስገብቶ ፊኛውን ቢያራግፍ፣ ቋሚ ቱቦ ከመሸከም እንደሚሻል፣ ለዚህም የቀዶ ሕክምና ክፍል ያህል ንጽሕና እንደማያስፈልግ አሳየ፤ ይህ ርካሽ ዘዴ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ኩላሊቶችን አድኗል። ከደረት ስድስተኛ ነርቭ በላይ የተጎዳ ሰው ደግሞ ፊኛው ሞልቶ ሳይራገፍ ቢቀር የደም ግፊቱ በድንገት እጅግ ሊያሻቅብ፣ ራሱን ከባድ ሕመም ሊይዘውና ፊቱን ላብ ሊያጠምቀው ይችላል፤ ወዲያው ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ጠባብ ልብሱን መፍታትና ፊኛውን ማራገፍ ሕይወቱን ያተርፋል።

በአሜሪካ የመንግሥቱ የጤና መድን የሚከፍልባቸው የተሃድሶ ሆስፒታሎች በሽተኛውን በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን እንዲያሠሩ ይጠበቃል፤ ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ 98 ቀን ገደማ የነበረው የተሃድሶ ቆይታ ዛሬ ወደ አንድ ወር ወርዷል። አንድ ወር ለእንዲህ ያለ ጉዳት ጥቂት ነው፤ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ስለ ቤት ክትትል፣ ስለ ተሽከርካሪ ወንበሩና ስለ ቀጣዩ ልምምድ ገና በሽተኛው ሳይወጣ አጥብቀው ሊጠይቁ ይገባል።

በኢትዮጵያ ያለው ችግር ከዚህ ይቀድማል። በመንገድ አደጋ፣ ከፎቅ ግንባታ መወጣጫ ወይም ከዛፍ በመውደቅ የተጎዳው ሰው ብዙ ጊዜ በእጅና በእግሩ ተይዞ፣ ባገኙት መኪና ወንበር ላይ ታጥፎ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል፤ ከፊል የነበረው ጉዳት በዚያች መንገድ ሙሉ ሊሆን ይችላል። የተሰበረ አከርካሪን በወጌሻ ማሳሸትም እንዲሁ አደገኛ ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳና በአቤት ሆስፒታሎች የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ይሠራል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ ነገር ግን አጥንቱ በብረት ከተጠገነ በኋላ ለወራት የሚቀጥለውን ሥራ የሚረከብ የተሃድሶ ክፍል በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል አይገኝም። ክፍተቱን የሚሞላው አስታማሚው ነው። በሆስፒታል አልጋ ሥር መሬት ላይ የሚተኛው፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ እንዴት እንደሚያገላብጥ፣ ምን ዓይነት የቆዳ ቅላት እንደሚያሰጋ፣ ካቴተር እንዴት እንደሚያዝ ሳይነገረው ወደ ቤቱ ይሸኛል። አስታማሚን ማሠልጠን ሆስፒታሎች ዛሬውኑ ያለ አዲስ ሕንፃና ያለ ውድ መሣሪያ ሊጀምሩት የሚችሉት ተሃድሶ ነው፤ የጤና ሚኒስቴርም በሽተኛው ከመሸኘቱ በፊት የሚፈጸም ግዴታ ሊያደርገው ይገባል።

እንዲህ ያለ ሰው በቤታቸው የተኛ አንባቢዎችም የሐኪም ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠብቁ። በሽተኛው ጠበል ቢሄድም፣ ውጭ አገር ለመታከም ገንዘብ ቢሰበሰብለትም ሥራው አይቋረጥ፤ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት፤ ጠዋትና ማታ ተረከዙን፣ ዳሌውንና የጀርባውን ታች በብርሃን ይመልከቱ፤ ከቀላ ቦታ ላይ ክብደቱን ሁሉ ያንሡ፤ መገጣጠሚያዎቹን በየቀኑ በእርጋታ ያንቀሳቅሱ፤ የትኛውን ጣት እንደሚዘረጉና የትኛውን እንደሚተዉም በቅርብ ካለው ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት ሄደው ይጠይቁ።